ስለ ተባራሪ ጥይት የሚሠራ ስላቅ ፊልም፦ ባሕር ዳር ላይ ያለ ጠመንጃ እንዴት ይቀረጻል?

የጣናዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። 22 ደቂቃ የሚሆን ስላቅ ፊልም ባሕር ዳር ላይ ልንቀርጽ ስክሪፕቱን እየጨረስን ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ሰርግ ቤት ለደስታ ይተኮሳል። ከተተኮሱት አንዱ 400 ሜትር ርቆ የአንድ ተከራይ ቤት ቆርቆሮ በስቶ ይገባል፤ ሌላው ግቢው ውስጥ ያለውን ሮቶ ይበሳል። በማግስቱ ዕድሩ ይሰበሰባል። ቆርቆሮውን ማን ይግዛ፣ የፈሰሰውን ውሃ ማን ይክፈል፣ ጥይቱ ለሰርገኛው ይመለስ ወይስ ለቤቱ ባለቤት ይቅር እያለ ሲከራከር ይውላል። ተኳሹ እዚያው ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ስሙን የሚያነሳ ግን የለም። አከራዩ ጭራሽ "ቤቱ ታሪካዊ ሆኗል" ብሎ ኪራይ ይጨምራል።

ካሜራ አንድ፣ ሌንስ ሁለት፣ ቡም (ዘንግ ላይ የሚታሰር ማይክ) አንድ፣ ላቫሊየር (ልብስ ላይ የሚሰካ ትንሽ ማይክ) ሁለት አለን። ቀረጻው 5 ቀን ነው፤ እኛ 9 ነን። ተኩሱን በምን እንሥራው? ድምፁን ከየት እናምጣው? የቆርቆሮው ቀዳዳና የሮቶው ፍሳሽ እውነት እንዲመስል ምን እናድርግ? ከሁሉም በላይ ደግሞ በተባራሪ ጥይት ልጁን ያጣ ሰው ፊልሙን ቢያይ እንዳይቆስል ቀልዱን የት ላይ እናቁመው?

ስክሪፕት አራሚ

እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የሚወሰነው በእሱ ነው።

ወደ ሰማይ ቀጥ ብሎ የተተኮሰ የጠመንጃ ጥይት ወጥቶ እስኪመለስ አንድ ደቂቃ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው። ይህን አንድ ደቂቃ ያዢው፤ ፊልምሽ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሩምታው ይሰማ፣ ከዚያ ሳትቆርጪ አንድ ሙሉ ደቂቃ ሰርጉን አሳዪ። እልልታው፣ እስክስታው፣ ጠላ ቀጂዋ፣ ተኳሹ ዕቃውን ለሚዜው አቀብሎ እጁን ሲታጠብ፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲቀበል። ተመልካቹ ተኩሱን እየረሳ ነው። ጉርሻው አፉ ሲገባ ወደ ተከራዩዋ ቤት ቁረጪና ቆርቆሮው ይበሳ። በዚያ ሰዓት የተኳሹ እጅ ንጹሕ ነው፤ ታጥቦታል። ይህን በንግግር ለመናገር ሦስት ገጽ ይፈጅ ነበር።

ሰዎች "ወደ ላይ ከሆነ ምን ያደርጋል" የሚሉትን ዕድሩ ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ በሙሉ እምነት ይናገሩት። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ ቀጥ ብሎ ወጥቶ የሚመለስ ጥይት በሰከንድ ወደ 90 ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ይወርዳል፤ የሰው ቆዳ ለመብሳት ደግሞ 60 ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ዘንበል ተደርጎ የተተኮሰው ይብሳል፤ ጉልበቱን ይዞ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ሊወርድ ይችላል። ይህን ሒሳብ የሚያውቅ ሰው ፊልሙ ውስጥ አንድ ብቻ ይሁን፤ የተከራዩዋ የ12 ዓመት ልጅ ብትሆን ደስ ይለኛል። እጇን አውጥታ ትቀመጥ፣ ስብሰባው እስኪበተን ማንም ዕድል አይስጣት።

ማንም ሰው በጥይት አይመታ። ደም ካሳየሽ ሳቁ እዚያው ይሞታል፤ ሳቁን ከደሙ በኋላ ለማስቀጠል ብትሞክሪ ደግሞ ያ የፈራሽለት ቤተሰብ በትክክል ይቆስላል። ጉዳቱን ቆርቆሮውና ሮቶው ይሸከሙት። ቀዳዳው ግን የት ላይ እንደሚያርፍ ምረጪ፦ ልጅቷ ከሩብ ሰዓት በፊት ተኝታበት የነበረው ፍራሽ ላይ፣ ትራሱ መሐል። ማንም ስለ እሱ ምንም አይናገር።

አንድ ነገር አደራ። ተኳሹን ጋቢ የለበሰ ባላገር አታድርጊው። በገጠሩ ጠመንጃ የአባት ውርስና የክብር ዕቃ ነው፤ ባላገር ላይ ከሳቅሽ ግማሹ ተመልካች ፊልሙን እንደ ስድብ ይወስደውና የምትይውን መስማት ያቆማል። ሱፍ የለበሰ፣ የከተማ ነጋዴ፣ ስልኩ የማያርፍ ሰው ይሁን። ፉከራውንም ለእሱ ስጪው። ፉከራው ግን አይበላሽ፤ ቤት ይምታ፣ ምጣኔው ልክ ይሁን፣ በደንብ የሚፎክር ሰው ያሠልጥነው። "ዘራፍ" ብሎ ተነሥቶ በዚያ ግርማ የሚፎክረው ስለ አንድ ቅጠል ቆርቆሮ ዋጋ ሲሆን ተመልካቹ ሰሙን ትቶ ወርቁን ራሱ ያወጣዋል። የጎጃም ተመልካች ቅኔ ሲሰማ ያደገ ነው፤ አታብራሪለት።

የፕሮፕ (የቀረጻ ዕቃዎች) ክፍል

ስለ ጠመንጃው። እውነተኛ መሣሪያ ቀረጻ ቦታ ላይ አይግባ፤ ባዶ ቢሆንም፣ ፈቃድ ያለው ሰው ቢያመጣውም፣ "ለአንድ ሾት ብቻ" ቢባልም። እርሳስ የሌለው፣ ባሩድ ብቻ ያለው ጥይትም አይግባ። እ.ኤ.አ. በ1984 ተዋናዩ ጆን ኤሪክ ሄክሰም እርሳስ የሌለው ጥይት የጎረሰ ሽጉጥ ጆሮ ግንዱ ላይ አስጠግቶ ሳበና የጋዙ ግፊት የራስ ቅሉን ሰብሮ ገደለው። በ1993 ብራንደን ሊ የሞተው ቀደም ሲል ከተሠራበት የማስመሰያ ጥይት ተነቅሎ በርሜሉ ውስጥ የቀረውን እርሳስ፣ በኋላ የተተኮሰው ባሩድ ገፍቶ ስላስወጣው ነው። በ2021 ደግሞ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የፊልም ቀራጯ ሃሊና ሃቺንስ፣ ባዶ ነው በተባለ ሽጉጥ ውስጥ በተገኘ እውነተኛ ጥይት ሞተች። እነዚህ ሦስቱ ከእናንተ እጅግ የሚበልጥ በጀት የነበራቸው የባለሙያ ቀረጻዎች ናቸው።

የእንጨት አምሳያም ቢሆን ከግቢ ውጭ አይውጣ። ፖሊስም ሆነ ሌላ የታጠቀ ሰው ከ50 ሜትር ላይ ዋንዛ ይሁን ብረት ሊለይ አይችልም፤ እንዲለይ መጠበቅም አይገባም። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መኖሩን አስታውሺ፤ አሁን ባለው የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ መንገድ ላይ የጠመንጃ ቅርጽ ይዞ መታየት የሰው ሕይወት ያስከፍላል።

እኔ ብሆን አምሳያውንም እተወዋለሁ። አንድ ጠመንጃ እንኳ ሳይታይ ፊልሙ ይሠራል፤ እንዲያውም የተሻለ ይሆናል። ካሜራ ጠመንጃ ማሳመር ይወዳል፦ ከታች ወደ ላይ ሲታይ፣ ዝግ ብሎ ሲንቀሳቀስ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት። መሣሪያው ካማረ ተመልካቹ የሚያደንቀው እሱን ነው፣ ስላቁ የለም። ስለዚህ ፍሬሙን ከተኳሹ ደረት ላይ ቁረጪው። የሚታየው ትከሻው ወደ ኋላ ሲገፋ፣ የሱፉ ቁልፍ ሲወጠር፣ አጠገቡ ያለች አክስት ጆሮዋን ይዛ ሳትፈልግ ፈገግ ስትል ይሁን። ከዚያ ቀለሁ መሬት ላይ ይውደቅ።

ቀለህ ግን ከማንም አትዋሱ። ፍተሻ ላይ ከቦርሳችሁ ቢገኝ ማስረዳት ከባድ ነው። ቶርኖ ቤት ሄዳችሁ ከነሐስ ዘንግ አሠሩት፦ የክላሽ ቀለህ ርዝመቱ 39 ሚሊ ሜትር፣ ቂጡ ላይ ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ከትንሽ ነው፤ ወደ አፉ ይሾጥጣል። ስድስት ይበቃል። ውስጡ መቦርቦር አለበት፣ አለዚያ ሲወድቅ "ጥብ" ይላል እንጂ አይጮህም። አሉሚኒየም አይሁን፤ ቀላል ስለሆነ ሲነጥር ያስታውቃል። ቄጠማ ላይ ከወደቀ ድምፅ የለውም፣ ስለዚህ ድንኳኑ ጫፍ ሲሚንቶው ገለጥ ያለበትን ቦታ ምረጡ።

ድምፅ ቤት

የተኩስ ድምፅ ከኢንተርኔት ወስዳችሁ ብትለጥፉ የሆሊውድ ተኩስ ነው የሚሆነው፤ ቤዙ ሆድ ያንቀጠቅጣል። ከሩቅ ሰፈር የሚሰማ ተኩስ ትንሽ፣ ደረቅና ድንገተኛ ነው። ያንን የሚሰጥ ዕቃ በእጃችሁ አለ፦ የቡሄ ጅራፍ።

ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚሄድ ነው፤ ፈጣን ጥይት አጠገብ ሲያልፍ ከሚያሰማው "ቷ" ጋር ምንጩ አንድ ነው። ከቃጫ የተገመደ፣ ጫፉ ላይ አዲስ ቃጫ የታሰረበት ይሁን፤ ጫፉ ከተፍረከረከ ድምፁ ይደክማል። ማጮህ የሚችል ሰው አምጡ፣ ጀማሪ ፊቱን ይገርፋል። ሦስት ርቀት ላይ ቅረጹ፦ 2 ሜትር፣ 30 ሜትር፣ 150 ሜትር። በየርቀቱ ሃያ ሃያ ጊዜ ይጩህ፣ ግማሹ አይረባምና።

ሪከርደራችሁ ባለ 32 ቢት ፍሎት (ድምፁ ቢበዛም ሳይቆርጥ የሚይዝ) ከሆነ ስለ ሌቭል ብዙ አትጨነቁ፤ ማይኩ ራሱ እንዳይታፈን ብቻ በቅርቡ ቀረጻ ላይ ከጅራፉ አቅጣጫ ዞር አድርጉት። ካልሆነ የድምፁ ከፍተኛ ጫፍ ከ-12 ዲሲቤል እንዳያልፍ አድርጋችሁ ጀምሩና ሁለተኛውን ትራክ በ-20 ያዙ። የጅራፍ ድምፅ በጣም አጭር ስለሆነ የሪከርደሩ መርፌ ሳያሳያችሁ ይቆረጣል፤ በሄድፎን አድምጡ።

ቦታው ከከተማ ወጣ ይበል፣ ለቀበሌውና ለአካባቢው ሰው አስቀድማችሁ ተናገሩ። ነሐሴ 13 ሰሞን ከሆነ ጅራፍ የሚገርመው የለም፤ በሌላ ወር ግን ሰው ተኩስ ነው ብሎ ይሮጣል። ሰዓቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይሁን። ቀን ሲሞቅ ነፋስ ከጣና ወደ ከተማው መንፈስ ይጀምራል፣ ከዚያ በኋላ ያለ ማይኩ ፀጉራም የነፋስ መከላከያ ምንም አይቀረጽም። የዕድሩን ስብሰባም ሐይቁ ዳር ካሰባችሁት ጠዋት ጨርሱት።

ኤዲቲንግ ላይ የምትሠሩት ይህ ነው። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ተከራዩዋ ቤት 400 ሜትር ላይ ከሆነ ሩምታው ከሰርጉ ምስል በ1.2 ሰከንድ፣ በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ስሌት በ30 ፍሬም ዘግይቶ ይድረሳት። ከ4000 ኸርዝ በላይ ያለውን ቀንሱ፤ ርቀት መጀመሪያ የሚበላው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ከዚያ ማስተጋባቱ፦ በሰፈሩ በኩል ቆርቆሮና ግድግዳ ስላለ ሁለት ሦስት ጊዜ ይመልሰዋል፤ በሐይቁ በኩል የሚመልስ ነገር የለም። ግራና ቀኙን እኩል ካደረጋችሁት የጣና ዳር ሰፈር መሆኑ ይጠፋል።

ጥይቱ ቆርቆሮውን ሲመታ የሚሰማው ከተኩሱ ይልቅ ይጉላ። አንድ ቅጠል ቆርቆሮ በሁለት ገመድ አንጠልጥላችሁ በልጆች ላስቲክ ጠጠር ምቱበት፣ ከኋላው ሰው አይቁም። ከመታው በኋላ ያለውን ዝምታ ቢያንስ 10 ሰከንድ ቅረጹት። የክፍሉ ዝምታ በጣም ያስፈልጋችኋል።

የጣናዋ

እግዜር ይስጥልን። ጠመንጃውን ጨርሶ እናወጣዋለን። ሁለት ነገር ልጨምር፦ ቡድናችን ውስጥ "የአፈሙዝ እሳት ካልታየ ተኩስ አይመስልም" የሚል አለ። ደግሞ የቀዳዳው ብርሃን ትራሱ ላይ እንዲያርፍ በፀሐይ ይሻላል ወይስ በመብራት?

ኤዲተር

የአፈሙዝ እሳት የሚቆየው ጥቂት ሚሊ ሰከንድ ነው፤ በ25 ፍሬም ስትቀርጹ አንድ ፍሬም ራሱ 40 ሚሊ ሰከንድ ነው። በቀን ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ጭራሽ አይታይም። ሰርጉ የምሽት ከሆነና የግድ ካላችሁ፣ በአንድ ፍሬም ብቻ የድንኳኑን ሸራና የአክስቲቱን ፊት በግማሽ ስቶፕ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አድምቁት፤ እሳቱን አትሳሉ። ሁለት ፍሬም ከሆነ የካሜራ ፍላሽ ይመስላል። ቀረጻ ላይ ፍላሽ አብርተን እንሥራው የሚል ካለ አይሆንም በሉት፤ የካሜራው ሴንሰር ምስሉን ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር ስለሚያነብ ብርሃኑ የፍሬሙን ግማሽ ብቻ ይዞ ይቀራል።

ቆርቆሮና ውሃ

የቀዳዳውን ነገር እኔ ልያዘው፤ ይህ ሾት በደንብ ከተሠራ ሰው የሚያስታውሰው እሱን ነው።

የቤቱን ጣሪያ አትብሱ። አንድ አሮጌ ቅጠል ቆርቆሮ ገዝታችሁ ከነባሩ ላይ አንዱን ፈትታችሁ ተኩት። የክላሽ ጥይት 7.62 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቀዳዳው 8 አካባቢ ይሁን። ከላይ ወደ ታች በወፍራም ምስማር ምቱት፤ ከንፈሩ ወደ ቤቱ ውስጥ መታጠፍ አለበት። በድሪል ከበሳችሁት ጠርዙ ልሙጥ ሆኖ የቧንቧ ሠራተኛ ሥራ ይመስላል። የሚወድቅ ጥይት እየተንከባለለ ስለሚመጣ ቀዳዳው ትንሽ ሞላላ ቢሆን ያሳምናል። አዲስ የተቆረጠው ብረት ያብለጨልጭ፣ ዝገት አትቀቡት፤ የተበሳው ትናንት ነው።

ፀሐይዋ የምትሰጠውን መጀመሪያ እወቁ። በ2 ሜትር ተኩል ከፍታ ላይ ካለ 8 ሚሊ ቀዳዳ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ክብ ብርሃን ስፋቱ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ዓይን ይህን ስፋት ያውቀዋል፤ 6 ወይም 7 ሲሆን "መብራት ነው" ይላል። ችግሩ ፀሐይዋ አትቆምላችሁም። እኩለ ቀን አካባቢ ያ ክብ በሰዓት ከ60 ሳንቲ ሜትር በላይ ይሄዳል። ሁለት ቴክ (የአንድ ሾት ድግግሞሽ) ሳትወስዱ ከትራሱ ወርዶ ግድግዳው ሥር ነው።

ስለዚህ በመብራት ሥሩት። ፊቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ የእጅ ባትሪ ከጣሪያው በላይ 3 ሜትር ላይ በእንጨት ላይ እሰሩ፤ ያኔ ክቡ ልክ 3 ሳንቲ ይመጣል። ትልቅ የኤልኢዲ ፓነል ከተጠቀማችሁ ጠርዙ ይደበዝዛል። መስኮቱን በብርድ ልብስ ዝጉ፣ ሲመሽ ቅረጹ። እንጨቱ በነፋስ ከተወዛወዘ ብርሃኑ ትራሱ ላይ ይደንሳልና በሦስት ገመድ ወጥሩት። ጨረሩ አየር ላይ እንዲታይ ዕጣን አጭሱ፤ ሁለት ቁንጥር ለአንዲት ትንሽ ክፍል ይበቃል። ከበዛ ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ይነጣና ጨረሩ ይጠፋል። ጭሱ እስኪረጋ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ማንም በር እንዳይከፍት።

ሮቶውን ደግሞ አትፍሩት። ባለ 1000 ሊትር አሮጌ ሮቶ ካገኛችሁ ከመሐሉ ዝቅ አድርጋችሁ በ8 ሚሊ ድሪል ብሱት፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ምስማር ይሰነጥቀዋል። ከቀዳዳው በላይ ግማሽ ሜትር ውሃ ካለ መጀመሪያ ላይ በደቂቃ 6 ሊትር ያህል ይወጣል፤ ውሃው ሲቀንስ ግፊቱም እየደከመ ስለሚሄድ ያንን ሁሉ ለማፍሰስ 2 ሰዓት ተኩል ወይም 3 ሰዓት ይወስዳል። ለብዙ ቴክ ይበቃችኋል። በቴኮቹ መሐል የብስክሌት ከመነዳሪ ቁራጭ የተጠመጠመበት ብሎን ክተቱበት። ሮቶው 3 ሜትር ማማ ላይ ከሆነ ውሃው ከማማው ወደ 2 ሜትር ተኩል ርቆ ያርፋል፤ ጀሪካኑን እዚያ አስቀምጡ። ጎረቤት ሁሉ ቢጫ ጀሪካን ይዞ በወረፋ ሲቆም፣ ከኋላ ያለው "ሌላ ጥይት ቢጨምሩልን" ሲል ያ ሾት ራሱን ችሎ ይሄዳል። ሾቱን በ20 ደቂቃ ውስጥ ጨርሱት፤ ውሃው ሲቀንስ ቅስቱ ወደ ማማው እየቀረበ ይመጣና ጀሪካኑ በየሾቱ ቦታ ይቀያይራል።

ፕሮዳክሽን

አጭር ነገር ስለ ፈቃድ። ከከተማው ባህልና ቱሪዝም የድጋፍ ደብዳቤ፣ ከዚያ ፖሊስ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማና ቀበሌ፤ በዚህ ቅደም ተከተል ካልሆነ ትመለሳላችሁ። ደብዳቤው ላይ "ምንም ዓይነት የጦር መሣሪያም ሆነ አምሳያ አንጠቀምም" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ፤ ሥራውን በጣም ያቀልላችኋል። ስክሪፕቱን አብራችሁ አስገቡ፣ ኮፒውን ቀረጻ ቦታ ላይ ያዙ። ድሮን ከፈለጋችሁ ሌላ ፈቃድ ነው፤ ለዚህ ፊልም አያስፈልግምና ተዉት። ሰርጉን በቀን ቅረጹት፤ ድንኳኑን በሸራ ከሸፈናችሁት ምሽት ይሆናል፣ ቡድኑም ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። ከሰኔ እስከ መስከረም ካሰባችሁት ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ ንግግር ጨርሶ አይቀረጽም።

የጣናዋ

ሁሉንም ወረቀት ላይ አስፍረናል። ዕጣኑን የሚያጨስ ሰው ከፍሬም ውጭ የት ይቀመጥ?

ቆርቆሮና ውሃ

ከጨረሩ በታች፣ ከካሜራው ተቃራኒ ጥግ፣ ከፍሬሙ ውጭ ወለሉ ላይ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጣሪያው ሥር ይዘረጋና ቀስ እያለ ወደ ጨረሩ ይወርዳል። ማራገቢያ አይንካ፤ የማጨሻውን ክዳን ሦስት ጊዜ ከፍቶ ይዝጋና እጁን ይሰብስብ።